ኬ፣ ዜድ፣ ኤም

ልጄ ናጃህ ያንን የቁልፍ አቋራጭ የሠራችው እኔ ስለጨቀጨቅኳት ነው። ይሄንን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ነገሩ ሲበላሽ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማንም እንዳይሳሳት።

ሃያ ሁለት ዓመት ታይፒስት ነበርኩ፣ እዚሁ ቡታጅራ፣ መንግሥት ቤት። ጥሩ ታይፒስት እጇን አታይም። ዓይኗ የሚገለበጠው ወረቀት ላይ ነው፤ ጣቷ መንገዱን ያውቃል። እኔም አልሐምዱሊላህ እንደዚያ ነበርኩ። ኃላፊው ቆሞ ሲነግረኝ ፊቱን እያየሁ እጽፍ ነበር። ደግሞ ታይፒስት ስትሳሳት ወረቀቱን ሳታይ ታውቀዋለች። ጣቷ ይነግራታል። ይሄንን ያዙልኝ።

የጽሕፈት መኪናው ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣ በጡረታ ሸኙኝ። ባለቤቴ ከሞተ ቆይቷል፣ ትልልቆቹ ልጆቼ አዲስ አበባ ንግድ ላይ ናቸው፤ ቤት ውስጥ እኔና የመጨረሻዋ ናጃህ ቀረን። ቁጭ ብዬ መዋል አልቻልኩም። አቶ ይድነቃቸው የሚባል የጤና መኮንን፣ አባቱ ከሰሜን በመምህርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፣ የግል ክሊኒክ ሲከፍት ካርድ ክፍል ቀጠረኝ። ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚያየው የኔን መስኮት ነው። ስሙን እጠይቃለሁ፣ ካርዱን አወጣለሁ፣ ወደ ሐኪሙ እልካለሁ፣ ሲጨርስ እዘጋለሁ።

ናጃህ ጉብሬ ያለው ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምራ ስትመረቅ ለክሊኒኩ ፕሮግራም ሠራች። እንደ ኢንተርኔት ገጽ ነው የሚከፈተው፤ ግን ከግቢው አይወጣም፣ የኛው ማሽን ውስጥ ነው ያለው። የወረቀቱ ካርድ ሁሉ ወደዚያ ገባ። ይድነቃቸው ደስ አለው። ወልቂጤ ክሊኒክ ያላቸው ወይዘሮ ዓለምዘውድ የሚባሉ ወዳጁ መጥተው አዩትና፣ አንድ ዓመት እንከን ሳይወጣበት ከሠራ እኛም እንወስዳለን አሉ። ለልጄ ትልቅ ነገር ነው። ሴት ልጅ፣ ገና ሃያ አራት ዓመቷ፣ ስሟ ወልቂጤ ድረስ ሲጠራ።

እኔ ግን ያቺን ማውዝ ጠላኋት። ማውዝ ዓይን ትፈልጋለች። ሰውየው መስኮቱ ላይ ቆሞ ሕመሙን ሲነግረኝ እኔ ስክሪን ላይ ቀስት አሳድዳለሁ። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም፣ "እንዲህ ተናቅን እንዴ፣ ሰው የማታይ ሴት አስቀመጡልን?" ብላ ሄደች። ቤት ገብቼ ናጃህን ያዝኳት። እጄ የለመደው ፊደል መምታት ነው፣ ፊደል መትቼ ካርድ የሚከፈትበት፣ ፊደል መትቼ የሚዘጋበት አድርጊልኝ አልኳት። ሁለት ቁልፍ ባንዴ ተይዞ የሚሠራ አቋራጭ አለ አለችኝ። ትንሿ ጣቴን ቁርጥማት ይዟታል፣ አልችልም አልኳት። አንድ ሳምንት አሰበችበት።

ከዚያ በተከታታይ የሚመታ አደረገችልኝ። አንዱን መትተሽ ትለቂያለሽ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ስታስረዳኝ አላህን እያወሳሁ ዚክር የምልበትን መቁጠሪያዬን ከእጄ ወሰደች። ማሽኑ የመታሁትን ፊደል እንደዚህ ዶቃ ክር ላይ ይሰካዋል፣ ሁለተኛውን ይጠብቃል፣ ሦስተኛውን ይጠብቃል፤ የሚያውቀው ዚክር ከሞላ ሥራውን ይሠራል። ከአንድ ሰከንድ በላይ ከዘገየሁ ክሩን በጥሶ ሁሉንም ይረሳል። ስም የምጽፍበት ሳጥን ውስጥ ስሆን ደግሞ አቋራጩ ዝም ይላል፣ ፊደሉ ፊደል ብቻ ይሆናል። በዚክር መመሰሏ ደስ አለኝ። አባቷ ቢሰማ ኖሮ ብዬ አለቀስኩ።

ኬ ካርድ ነው። ኬ ብዬ ኤ ስመታ አዲስ ካርድ ይከፈታል። ኬ ብዬ ኤፍ ስመታ የተዘጋም ቢሆን የፈለግኩት ካርድ ወጥቶ ይታያል። ኬ ብዬ ዲ ስመታ ካርዱ ወደ ሐኪሙ ይሄዳል። መዝጊያው ሦስት ፊደል ነው፤ ኬ፣ ዜድ፣ ከዚያ ምክንያቱ። ታክሞ ወደ ቤቱ ከሄደ ቢ። ወደ ሌላ ሐኪም ቤት ከተላከ ኤል። ከሞተ ኤም። ቢ እና ኤም ኪቦርዱ ላይ ጎረቤት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለችው አንዲት ፊደል ብቻ ናት።

በሁለት ሳምንት ውስጥ እጄ ወጣትነቱ ተመለሰለት። አጠገቤ የምትሠራው አሚኔ፣ የልጄ እኩያ ናት፣ በማውዝ አንድ ሰው ስትጨርስ እኔ ሦስት እጨርስ ነበር። "እትዬ፣ ጂን ነው የሚያግዝሽ" ትለኛለች። እኔም ሰዉን እያየሁ፣ እየጠየቅኩ፣ እየመረቅኩ እሠራለሁ። ኩራት ነው፣ አስተግፊሩላህ። ያኔ ግን ኩራት አይመስለኝም ነበር።

መዝጊያው ላይ ናጃህ አንድ ጥያቄ አስቀምጣ ነበር። ኤምን ስመታ ማሽኑ ወዲያው አይዘጋም፤ "እርግጠኛ ነዎት?" የሚል ጽሑፍ በትልቁ ያወጣል፣ አዎ ማለት አለብኝ። አንድ ቀን ባልና ሚስት ሕፃን ይዘው ከገጠር መጡ። ሐኪሙ ጋ ሳይደርሱ ሕፃኑ አለፈ። ለመውጫ ወረቀት መስኮቴ ላይ ቆሙ። ኬ፣ ዜድ፣ ኤም መታሁ። ጥያቄው ወጣ። ስክሪኑ ወደ እነሱ ዘመም ያለ ነበር፣ አባትየው ማንበብ ያውቃል፣ አነበበው።

"አይደለሁም" አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብተወው ይሻላል። ማታውኑ ለናጃህ ነገርኳትና ጥያቄውን አንሺልኝ አልኳት። አላህ የወሰነውን ማሽን እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ አይጠይቀኝ አልኳት። እሷ ግን ከበዳት።

"እማ፣ ጥያቄው'ኮ ለሰው አይደለም፣ ለጣት ነው። ጣት ይስታል።"

"የኔ ጣት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል" አልኳት።

አነሳችው። እናቷ ነኝ፣ ምን ታድርግ።

አረፋ በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ዋለ፣ በ2008። አረፋን ያላየ ሰው የኛን አገር አያውቅም። አዲስ አበባ ያለው ሁሉ ይገባል፣ ከተማው ይሞላል፣ ገጠሩ ይሞላል። ክሊኒኩ ግን በበዓሉ ባዶ ነው፤ ወከባው ከበዓሉ በኋላ ነው። ልጆች ወደ አዲስ አበባ ከመመለሳቸው በፊት አባትና እናታቸውን እጃቸውን ይዘው ለምርመራ ያመጣሉ። እያንዳንዱ ሽማግሌ ሁለት ሦስት ልጅ አጅቦት ነው የሚመጣው። መስኮቱ ፊት ያለው ሰው መንገድ ድረስ ይደርሳል።

በአራተኛው ቀን አባባ ሸምሶ መጡ። ከከተማው በላይ ዳገቱ ላይ ነው ቤታቸው፣ በርበሬ ያመርታሉ፣ ስኳር አለባቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም፤ የእህታቸው ልጅ ከማሉ ነው ይዟቸው የመጣው። ለካስ ባለቤቴን ያውቁት ነበር። ታክመው ሲወጡ መስኮቱ ላይ ተደግፈው ሰላምታ ጀመሩ። ደህና ነሽ፣ ልጆችሽ ደህና ናቸው፣ ከብቱ ደህና ነው፣ ከብት እንደሌለኝ እያወቁ። እኔም ዓይናቸውን እያየሁ እመልሳለሁ፣ እጄ ይዘጋል። ኬ፣ ዜድ፣ ከዚያ አንዲት ፊደል።

ጣቴ ነገረኝ።

ወላሂ ነገረኝ። የቢ ቦታ አይደለም የነካሁት። ዓይኔን ስመልስ ካርዱ ከስክሪኑ ሄዷል፣ የቀጣዩ ሰው ስም መጥቷል። የተዘጋ ካርድ መልሶ መክፈት የሚችለው ይድነቃቸው ብቻ ነው፤ የሱን የሚስጥር ቁጥር ይፈልጋል። ጠርቼው መጥቶ በሰው ፊት ማየት አለበት። ከሳምንት በፊት የአንድ ሰው ዕድሜ ስቼ ጽፌ፣ "እትዬ መሕቡባ፣ ዓይንዎ ደከመ እንዴ? ዕድሜ ነው እንግዲህ" ብሎኝ ነበር። እየሳቀ ነው ያለኝ፣ ግን ሆዴ ውስጥ ቀርቷል። ሰዉ ሲያልቅ አየዋለሁ ብዬ ቀጣዩን ጠራሁ። ሰዉ አላለቀም። ማታም ቢ ነው የነካሁት፣ ቢ ነው፣ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ሌላ ቀንም ሄጄ አላየሁትም። ማየት እኮ ኬ እና ኤፍ መምታት ነበር። ሁለት ፊደል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከማሉ ከአዲስ አበባ ወደ ክሊኒኩ ደወለ። የአጎቱ የደም ምርመራ ውጤት ደርሶ እንደሆነ ሊጠይቅ ነው። ዳገቱ ላይ ኔትወርክ የለም፣ እሳቸውን ማግኘት አልቻለም። እኔ ዙህር ልሰግድ ወጥቼ ነበር፣ ስልኩን ያነሳችው አሚኔ ናት። ፈለገች፣ አገኘች፣ ስክሪኑ የሚለውን አየች። ምን ታድርግ ልጅቷ። እንደ ሰው ልጅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ወንድሜ፣ አልሰማህም እንዴ? አላህ ያጽናህ" አለችው።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ ለለቅሶ ወጣ። ከማሉ ከፊት፣ ጋቢውን አደግድጎ፣ ሳልቀብረው፣ አጎቴ፣ ሳልቀብረው እያለ። ከመንደሩ በታች ከመኪና ወርደው ጩኸቱን ሲያቀልጡት አባባ ሸምሶ በርበሬያቸውን እየኮተኮቱ ነበር። ጩኸት ሰሙ። ለቅሶ ነው ብለው ዶማቸውን ጥለው እየሮጡ ወረዱ። ጎረቤት ነው የሞተው ብለው፣ ማን ሞተ፣ ማን ሞተ እያሉ፣ አብረው እያለቀሱ ከሰዉ መሐል ገቡ። ከማሉ ሲያያቸው ወደቀ።

እሳቸው በኋላ እየሳቁ ነው የሚያወሩት። መንደሩ ግን አልሳቀም። በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ያጥራል የሚሉ አሉ። ከማሉ ደግሞ አዲስ አበባ ያሉ ወንድሞቹን ሁሉ አስለቅሷል፤ እንደ ቀላል ሰው ተቆጠርኩ አለ። ሽማግሌዎቹ ወደ ይድነቃቸው መልእክት ላኩ፤ በመጪው ጁምዓ ከሰዓት፣ ዐስር ሶላት እንዳለቀ ከአባባ ሸምሶ ቤት መጥታችሁ ነገሩን አስረዱን፣ ያለዚያ የመንደሩ ሰው ሁሉ ካርዱን ከናንተ ያወጣል አሉ።

ይድነቃቸው ሁላችንንም ሰበሰበን። ቁጣው በረድ ያለ ነበር፣ እሱ ነው የሚያስፈራው። አውቆም ሆነ ሳያውቅ ሞት ብሎ የዘጋው ማን ነው አለ። አሚኔ ታለቅሳለች። ወደኔ ዞረና በአክብሮት ጠየቀኝ።

"እትዬ፣ እርስዎ ነክተውት ይሆን?"

"እኔ አልነካሁም" አልኩ።

እንዲህ በቀላሉ ከአፌ ወጣ። ወጥቶ ካየሁት በኋላ መልሼ ልከተው አልቻልኩም።

ናጃህ ከዚያው ነበረች። ቤት ስንገባ ቡና እንኳ ሳትጠጣ ላፕቶፑን ከፈተች። ማን ምን ፊደል በስንት ሰዓት እንደመታ ማሽኑ ይመዘግባል ለካ፤ ነግራኝ ነበር፣ ረስቼዋለሁ። አሳየችኝ። መሕቡባ ይላል። አምስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ይላል። ኬ፣ ዜድ፣ ኤም።

"እማ፣ ነክተሽዋል?"

ፊቷን አየሁት። ክስ አልነበረበትም። የታመመ ልጅ የት ላይ ያምሃል ብለሽ እንደምትጠይቂው ነው የጠየቀችኝ። በዚያች ሰዓት ብናገር ኖሮ ጉዳዩ ከኔና ከእሷ አያልፍም ነበር።

"ወላሂ አልነካሁም" አልኳት።

እሺ ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ከዚያ ያደረገችውን ማንም የኮምፒውተር ሰው የሚያደርገው አይመስለኝም። መዝገቡን ዘጋችውና፣ "እንግዲያው መዝገቡ ነው የሚዋሸው" አለች። አንቺ ነሽ ብሎ ከሚጽፍ ማሽንና ከእናቷ መሐላ፣ ማሽኑን ሐሰተኛ አደረገች።

ሥራዋን ተጠራጠረችው ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያልነበረ ስህተት ስትፈልግ ከረመች። ከዚህ በፊት የተመታ ኤም ክሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ይሆን? የስም ሳጥኑ ሲዘጋ የመጨረሻዋ ፊደል ሾልካ ይሆን? መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሁለት ሰው ዶቃ ባንድ ክር ተሰክቶ ይሆን? በየቀኑ አዲስ ሐሳብ ይዛ ትነሳለች፣ በየቀኑ ባዶዋን ትውላለች። ምግብ ቀነሰች። እኔ ቆጮና አይብ አቀርብላታለሁ፣ ትበላለች ብዬ ቆሜ አያለሁ፤ ሁለቴ ጎርሳ ትመለሳለች። ሶላቴ ላይ ቆሜ ሱራ ይጠፋኝ ጀመር። ግንባሬን መሬት አስነክቼ ሱጁድ ላይ የምለምነው ያቺን ያልነበረች ስህተት እንድታገኝ ነው። አላህን ውሸቴን እውነት አድርግልኝ እያልኩ ነበር፣ ስታስቡት።

ረቡዕ ለት ላፕቶፑን ፊቴ አደረገች።

"እማ፣ መስኮቱ ላይ እንደምትነኪው ንኪልኝ። ዓይንሽን እኔ ላይ አድርገሽ።"

አጠገቤ ተቀምጣ እጄን አየች። ኬ፣ ዜድ፣ ቢ። ኬ፣ ዜድ፣ ቢ። በወረቀት ጭረት እየጫረች ትቆጥራለች። አርባ ጊዜ። አንዱንም አልሳትኩም። ጣቶቼ አልተንቀጠቀጡም፣ ይሄ ነው የሚገርመኝ። ስንጨርስ እጄን ያዘችና ሳመችው።

"አንቺ እንኳ አትሳሳቺም" አለች፣ "የኔ ነው።"

ሐሙስ በጠዋት ተነስታ ወልቂጤ ሄደች። በስልክ ይበቃል ብላት እምቢ አለች፤ ሰው ፊት ቆሜ ነው የምናገረው አለች። ለወይዘሮ ዓለምዘውድ፣ ፕሮግራሜ ላይ ያላገኘሁት ስህተት አለ፣ የሰው ሕይወት የሚነካ ነው፣ እስካገኘው ድረስ አትውሰዱት ብላቸው መጣች። ሴትየዋ ሐቀኝነትሽን ወደድኩት ብለው ሻይ ጋብዘዋታል። ማታ ጫማዋን እያወለቀች ነው የነገረችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፣ ደግ ነው፣ ለዓይኔ እንባ ምክንያት ነበረኝ።

ጁምዓ ለት ዳገቱን ወጣን። ይድነቃቸው፣ ናጃህና እኔ። እኔ መሄድ አልነበረብኝም፣ ልጄ ብቻዋን ወንዶች ፊት አትቆምም ብዬ ነው። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። መሪያቸው ሐጂ ሸረፋ ናቸው፣ ጸጉራቸው በሒና የቀላ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ። ከማሉ ከአዲስ አበባ መጥቶ ከአጎቱ አጠገብ አቀርቅሯል። ዱዓ ተደረገ፣ አሚን አልን። ይድነቃቸው ጫማውን አውልቆ ተነሳና ይቅርታ ጠየቀ፤ ክርስቲያን ሆኖ እንደ ወጋችን ዝቅ ብሎ፣ አከበሩት።

አባባ ሸምሶ ጨዋታ ሊያደርጉት ሞከሩ። "እኔ ምን ጎደለኝ፣ ማን እንደሚያለቅስልኝ በዓይኔ አየሁ። ይሄ ከማሉ እንዲህ ይወደኛል ብዬ አላውቅም ነበር። አንድ ሁለቱ ግን እንባ ሳይኖራቸው ነው የጮሁት፣ መዝግቤያቸዋለሁ።" ጥቂት ሰው ሳቀ። ከማሉ አልሳቀም።

ሐጂ ሸረፋ ማሽኑን የሠራው ማን ነው አሉ። ናጃህ ተነሳች። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሰው እጅ የለበትም አለች። አሚኔንም አትውቀሷት፣ የታየውን ነው የተናገረችው አለች። የኔን ስም አላነሳችም፤ ምን ብላ ታነሳዋለች፣ ንጹሕ ናት ብላ ነው የምታምነው።

ሐጂ ሸረፋ ወደዷት፣ ይታይባቸዋል። "ልጄ፣ የሆነው ሆነ" አሉ። "እዚህ ያለነው ሁላችንም ካርዳችን እዚያ ማሽን ውስጥ ነው። ሁለተኛ አይደገምም ብለሽ ማይልንና ዱዓ አድርገን እንለያይ።"

ቀላል ነገር ነው የጠየቋት። ሰው ሁሉ የሚምለው መሐላ። ይድነቃቸው እንኳ በዓይኑ ማይ ይላታል።

ናጃህ ግን፣ "አባ፣ መማል አልችልም" አለች። "ጥፋቱን ፈልጌ አላገኘሁትም። ያላገኘሁትን ነገር አይደገምም ብዬ በአላህ ስም እንዴት ልማል?"

ግቢው ተንጫጫ። ከማሉ ተነስቶ፣ አያችሁ፣ ራሷም አታምነውም አለ። አንዱ፣ ፕሮግራሙ ይዘጋ አለ። ናጃህ መሐል ቆማ ሻሿን ታስተካክላለች፤ ሕፃን ሆና ስትፈራ የምታደርገው ነው። በአንዲት ቃል መዳን ትችል ነበር፣ የማታውቀውን ላለመማል ስትል እሺ አላለችም። እኔ የማውቀውን ክጄ ነው የማልኩት።

ተነሳሁ።

"እኔ ነኝ የነካሁት" አልኩ። "ማሽኑ አልተሳሳተም። የነካሁ ጊዜ ጣቴ ነግሮኝ ነበር፣ ላየው አልፈለግኩም። ሲጠይቁኝ አልነካሁም አልኩ። ልጄ ስትጠይቀኝ ደግሞ ማልኩላት። ጣቴ ስቶ ነው፤ አፌ ግን አውቆ ነው።"

ሐጂ ሸረፋ፣ ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ አሉ በቀስታ። ይድነቃቸው መሬት መሬት ያያል። ሄጄ አባባ ሸምሶ እግር ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

"ተይ፣ ተይ መሕቡባ" አሉኝ። "እኔ ሞቼ ተነስቻለሁ፣ የኔ አልቋል። እዚያች ልጅ ጋ ሂጂ።"

ዞር ስል ናጃህ ከቆመችበት የለችም። በሩ ጋ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታስራለች።

ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው ሸኙን፤ ከማሉም ቢሆን ትከሻውን አጋጭቶ ይቅር አለኝ። ዳገቱን ስንወርድ ናጃህ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ይድነቃቸው የት እንደሚሄድ ጠፍቶት በመሐል። ባጃጅ የሚቆምበት ስንደርስ ይድነቃቸው ለብቻው ሌላ ያዘ። እኛ ሁለታችን ተሳፈርን። ይቅር በይኝ አልኳት፣ አልሰማችም መሰለኝ፣ ባጃጁ ይጮኻል። ከተማው ሲታይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፣ ወደ ውጪ እያየች።

"አርባ ጊዜ ነካሽልኝ" አለች።

ከሥራ ይድነቃቸው አላስወጣኝም። ስህተቱን በሰዓቱ ቢነግሩኝ ሁለት ደቂቃ ነበር አለኝ፤ ከስድብ የባሰ ነው። ሼኻችንን ስለመሐላዬ ጠይቄ ሦስት ቀን ጾምኩ፣ ተውበት አደረግኩ። ለወልቂጤዋ ሴትዮ ናጃህ ደውላ ስህተት እንዳልነበረው ነገረቻቸው። ምክንያቱን አልነገረቻቸውም። እሳቸው ግን በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ ሌላ ፕሮግራም ገዝተው ነበር፤ አዘንኩ ልጄ አሉ።

አቋራጩን አላጠፋችውም። ኬ፣ ዜድ፣ ቢ እንደ ድሮው ነው። ኤምን ስመታ ግን አሁን ማሽኑ አይዘጋም፣ እርግጠኛ ነዎት ብሎም አይጠይቅም። የሟቹን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ በሙሉ ጻፊ ይላል። ፊደል በፊደል ካልጻፍኩት አይንቀሳቀስም። ስክሪኑም ወደ ውጪ እንዳይታይ ተደርጓል። እኔ ስሙን ስጽፍ ኢና ሊላህ እላለሁ፣ ከጻፍኩት በኋላም አንድ ጊዜ አነበዋለሁ። ጥሩ አድርጋ ነው የሠራችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ታወራኝ ጀመር፣ ከወር በኋላም ስትስቅ ሰማኋት። ልጅ ናት፣ ልቧ ንጹሕ ነው፣ ይቅር ብላኛለች። እኔ አልጠራጠርም።

አንዲት ነገር ብቻ አለች። ልታበስል ጉድ ጉድ ስትል፣ "ጨው ጨምሬበታለሁ" እላታለሁ። ወይም በሩን ቆልፌዋለሁ፣ መድኃኒቴን ወስጃለሁ፣ ወንድምሽ ደውሎ ነበር እላታለሁ። ድሮ እሺ ብላ ታልፍ ነበር። አሁን ቀና ትላለች፣ ዓይኔን ታያለች። ለክፋት አይደለም፣ እንደምትለውም አታውቀው ይሆናል።

"እርግጠኛ ነሽ እማ?" ትለኛለች።

አዎ እላለሁ። ከዚያ ተነስቼ በሩን ሄጄ አያለሁ።